ባሕር ሣርና ቄጠማ፦ የጨፌያችን የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 23

በቃ ጨፌያችንን መልሶ ማዳን ዛሬ ጀመርኩ። ቦታው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ወጣ ብሎ ባሶና ወራና ውስጥ ነው፣ ከእማዬ ቤት ከበታች ያለው ጨፌ። ልጆች እያለን እዛ ላይ በባዶ እግር ስንሮጥ መሬቱ ከስር ይንቀጠቀጥ ነበር፣ በበጋ ሌላው ሁሉ ደርቆ አመድ ሲመስል እሱ ቄጠማው አረንጓዴ ነው፣ ከብቱም እኛም ከዛችው ምንጭ ነበር የምንጠጣው። አሁን መሃሉን ቦረቦር ሰንጥቆታል። ዛሬ ወርጄ ስቆም አፋፉ ደረቴ ላይ ደረሰ። ምንጯ አልነጠፈችም ግን ቀጥናለች፣ እማዬ ሃያ ሊትር ጀሪካኗን ለመሙላት 14 ደቂቃ ፈጀባት፣ በስልኬ ያዝኩት።

ለዚ ሥራ ያነሳሳችኝ ስዊድን ጎተንበርግ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ናት። በበጋቸው ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ የባሕር ሣር መልሰው የሚተክሉ ሰዎችን ታግዛለች፣ ማታ ማታ በቴሌግራም ቮይስ ትልክልኛለች። ኦልግሬስ ይሉታል። አልጌ (ውሃ ላይ እንደ አረንጓዴ ዝልግልግ የሚታየው) አይደለም፣ ሥር ያለው፣ የሚያብብ፣ ዘር የሚሰጥ የራሱ ሣር ነው፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ጭቃና አሸዋ ላይ ይበቅላል። በስዊድን ምዕራብ ዳርቻ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከግማሽ በላይ ጠፍቷል። እና የጠፋበትን ቦታ ስትነግረኝ ጨፌያችንን የምታወራ መሰለኝ። ሣሩ እያለ ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ጭቃው ስለተያዘ ውሃው ይጠራል፣ ውሃው ስለጠራ ብርሃን ይገባል፣ ብርሃን ስለገባ ሣሩ ያድጋል። ሣሩ ሲጠፋ ደግሞ ጭቃው በማዕበል ይነሳል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን አይገባም፣ አዲስ ሣር ቢተከልም ይሞታል። እኛም ጋ ሣሩ ሲጋጥ ጎርፉ ፈጠነ፣ ሲፈጥን ቆፈረ፣ ቦረቦሩ ሲጠልቅ የጨፌው ውሃ ሁሉ ወደሱ ተስቦ ወረደ፣ መሬቱ ደረቀ፣ ቄጠማ በደረቅ መሬት አይበቅልም። አንዴ ከተበላሸ በኋላ ብልሽቱ ራሱን እየመገበ ይሄዳል፣ ዝም ብሎ ችግኝ መትከል ብቻ ብር ውሃ ውስጥ መጣል ነው።

ያለኝ 18,000 ብር ነው። የባሕሩን ዋጋ ስሰማ ደንግጬ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ብዙ ፕሮጀክቶችን ያነጻጸረ ጥናት የአንድ ሄክታር ማገገሚያ መካከለኛ ዋጋ 80,000 ዶላር አካባቢ ነው ይላል፣ ኮራሉንም (የባሕር ዐለት የሚሠሩ ጥቃቅን እንስሳት) ማንግሮቩንም (ጨው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ኦይስተሩንም (ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ) ሁሉንም ደምሮ። የባሕር ሣር ብቻውን ሲታይ ከተተከለው በሕይወት የተገኘው 38 በመቶ ነው። ይሄ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ማለት ነው። ስለዚ እዛ ያሉት ሰዎች ጭንቀታቸው እንዴት እናርክሰው ነው፣ የኔም ጥያቄ እሱው ነው።

መጋቢት 5

የሃይላንድ ጠርሙስ ሙከራ። የሰሞኑ የበልግ ካፊያ ትንሽ ጎርፍ አምጥቶ ስለነበር ከቦረቦሩ አንድ ጠርሙስ፣ ከላይ ገና ሣር ካለበት ጥግ ደግሞ አንድ ጠርሙስ ቀድቼ መስኮት ላይ አሳደርኳቸው። ጠዋት የቦረቦሩ ጠርሙስ ስር ሁለት ጣት ሙሉ ጥቁር ጭቃ ተኝቷል፣ ከላዩ ያለው ውሃም አልጠራም፣ ሻይ በወተት ይመስላል። የሣሩ ጠርሙስ ስር ያለው ጭቃ የጥፍር ውፍረት አይሞላም፣ በሱ ውስጥ አሻግሬ የእማዬን በር አየሁ። ጠርሙሶቹን አልደፋኋቸውም፣ ሰው ሲመጣ ላሳይ ብዬ አስቀመጥኳቸው፣ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ ጠቀሙኝ።

ያ ሁለት ጣት ጭቃ የት እንደሚሄድ ማሰብ ነው። ከኛ ወደ በረሳ ወንዝ፣ ከበረሳ ጀማ፣ ከጀማ ዓባይ። ጣርማ በር ላይ ቆመህ በስተምሥራቅ የዘነበው ወደ ደብረ ሲና ወርዶ አዋሽ ይገባና አፋር ላይ አቤ ሐይቅ ይቀራል፣ በኛ በኩል የዘነበው ግን መንገዱ እስከ ሜዲትራኒያን ነው። የአስዋን ትልቁ ግድብ ሳይሠራ በፊት የደጋው አፈር እዛ ድረስ ይደርስ ነበር። እኛ ደጋ ላይ ተቀምጠን ባሕር የለንም ስንል ውሃችን ግን ባሕርን ያውቀዋል።

መጋቢት 20

ዛሬ ዕድር ላይ ተነጋገርን። ዋናው ነገር ይሄ ነው ብዬ ስለማምን ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

የአክስቴ ልጅ ደጋግማ የምትነግረኝ አንድ ነገር አለ፣ መጀመሪያ ያጠፋውን ነገር ሳታቆም አትትከል። አሜሪካ ቨርጂኒያ ዳርቻ ላይ በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሽታና ትልቅ አውሎ ነፋስ የባሕር ሣሩን ሙልጭ አድርጎ አጠፋው፣ ከ60 ዓመት በላይ ባዶ ቀረ። ከዛ ከ2001 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ ከ70 ሚሊዮን በላይ ዘር በተኑበት፣ አሁን ወደ 3,600 ሄክታር ተሸፍኗል፣ በዓለም ላይ ከተሳኩት ትልቁ የሚባለው እሱ ነው። ለምን ተሳካ ካልክ በሽታው አልፏል፣ ውሃው ንጹሕ ነው፣ የጎደለው ዘር ብቻ ነበር። ስለዚ በዘር ብቻ ተመለሰ፣ ጠላቂ እየከፈሉ አንድ በአንድ መትከል አላስፈለገም። ስዊድን ላይ ግን ምክንያቱ አሁንም አለ፤ ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ አለ፣ ኮድ የሚባለው ትልቁ ዓሣ በጣም ስለተጠመደ እሱ ይበላቸው የነበሩት ትናንሽ ዓሦችና ሸርጣኖች በዝተው ሣሩን ከአልጌ የሚያጸዱትን ጥቃቅን ፍጥረቶች ይጨርሷቸዋል፣ አልጌው ሣሩን ያፍነዋል። እዛ ዘር ብትበትን ሸርጣኑ ይለቅመዋል።

የኛ ጥፋት ሁለት ነው፣ ከብትና ባሕር ዛፍ። ከብቱ ባይቆም የተቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ስብሰባው ላይ ጠርሙሶቹን አወጣሁ። መጀመሪያ ዝም አሉ፣ ከዛ አንድ ሽማግሌ (አባባ ነው የምለው፣ የአባቴ ጓደኛ ነበር) “ልጄ ከብቶቼን ሰማይ ላይ ላሰማራ ነው?” አለኝ። ትክክል ነው፣ መልስ ሳልይዝ መምጣት አልነበረብኝም። እማዬ ናት ያዳነችኝ፣ የመንዝ ጓሳን አነሳች። እናቷ መንዜ ናቸው። ጓሳ ላይ ሕዝቡ ራሱ ከጥንት ጀምሮ ቄሮ በሚባል የሣር መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሣሩን እየዘጋ ለዓመታት ይጠብቀውና ጊዜው ሲደርስ በጋራ ከፍቶ ያጭድ ነበር። “እዛ ያ ሁሉ ጋራ ከተጠበቀ እኛ ይቺን ቁራጭ አንጠብቅም ወይ” አለች። ከዛ በኋላ ወሬው ተቀየረ፣ ይዘጋ አይዘጋ ቀርቶ ሣሩን ማን ያጭዳል ሆነ። የተስማማነው፦ ከዛሬ ጀምሮ ከብት አይገባም፣ የደረሰውን ሣር ስምንቱ ቤት በየተራ አጭዶ ይወስዳል፣ ከብት ያስገባ ለዕድሩ 200 ብር። የከፈልኩት ነገር የቡናና የዳቦ 640 ብር ብቻ ነው። የሽቦ አጥር አስቤ ዋጋ ጠይቄ ነበር፣ ሙሉውን 18,000 በልቶ አይበቃም ነበር።

ሚያዝያ 11

ባሕር ዛፎቹ። ከምንጯ ራስ ላይ ያሉት አሥራ አንዱ የጎረቤታችን የጋሼ ናቸው፣ ለልጃቸው ሰርግ ያቆዩዋቸው። ግዙልኝ ብለው አልጠየቁም፣ እኔ ነኝ የሄድኩት። ሦስት ጊዜ ሄድኩ። በመጨረሻ በገበያ ዋጋ በ7,500 ገዝቼ፣ ቆርጬ፣ እንጨቱን መልሼ ለእሳቸው ሰጠሁ፣ ችካልና ካስማ የሚሆነውን ቅርንጫፍ ብቻ ወሰድኩ። ከበጀቴ ትልቁ ወጪ ይሄ ነው፣ አይቆጨኝም። ጉቶውን ዝም ብሎ መተው አይሆንም፣ በሁለት ወር ያቆጠቁጣል፤ ልጣጩን እስከ ሥሩ ልጠን አፈር ከመርንበት።

ግንቦት 8

ክትር፣ ጎርፉን ለማብረድ በቦረቦሩ አግድም የሚሠራ ግድግዳ። ጋቢዮን (በድንጋይ የሚሞላ የሽቦ ሳጥን) የሚሉኝ ሰዎች አሉ፣ ለትልቅ ቦረቦር ልክ ናቸው፣ ለኔ ግን የአንዱ ዋጋ አይቀመስም። ድንጋዩ እዛው አለ፣ ስለዚ በእጅ ደረደርን፣ አምስት ክትር፣ አራት የቀን ሠራተኛ ለሦስት ቀን፣ በቀን 350፣ 4,200 ብር። ከዚህ በፊት የተሠራ ክትር ሲፈርስ ስላየሁ ሦስት ነገር ላይ ድርቅ አልኩ። ድንጋዩ ከግራና ከቀኝ ግድግዳው ውስጥ ክንድ ያህል ተቆፍሮ ይግባ፣ አለበለዚያ ውሃው በጎን ዞሮ ይቆፍረዋል። መሃሉ ከጎኑ ዝቅ ይበል፣ ውሃው በመሃል እንዲያልፍ። ካለፈ በኋላ የሚወድቅበት ቦታ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይነጠፍ። ርቀቱን ደግሞ የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል እንዲሆን በውሃ ልክ ለካን፣ ግልጽ ጎማ ቱቦ ውሃ ሞልቶ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ይዞ ነው፣ ቀላል ነው፣ የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ ናቸው የያዙት።

በዚሁ ሳምንት የሠራሁት ስህተት፦ ሥሩ አፈር የሚይዘውን ቬቲቨር ሣር 900 ብር አውጥቼ ገዛሁ። እሱ የሚመቸው ሞቅ ያለ አገር ነው፣ የኛ ብርድ አያሳድገውም፣ ይሄን ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ከቅርብ ያለውን ትቶ ከሩቅ መግዛት ኪሳራ መሆኑን ተማርኩ። በሱ ፋንታ ከበረሳ ዳር አኻያ እየቆረጥን ከየክትሩ ጀርባ ሰካን፣ አኻያ እርጥብ አፈር ካገኘ ዱላውም ሥር ያወጣል፣ ዋጋው ዜሮ።

ሰኔ 19

ተከላ። ክረምቱ ሲገባ ጠበቅኩ። ቄጠማውን የወሰድነው ከላይ ከቀረችው ጥግ ነው፣ ግን ከአንድ ቦታ ሙልጭ አድርገን አላነሳንም፣ እያፈራረቅን፣ ከእያንዳንዱ ክንድ ቦታ አንድ ጓል ብቻ፣ ምክንያቱም አዲሱን ለማዳን ያለውን መግደል የለም፣ ባሕሩ ላይም የሚተከለውን ከጤነኛው ሜዳ ሲወስዱ ይሄንኑ ይጠነቀቃሉ።

ሁለት ዓይነት አደረግኩ፣ ይሄ የኔ ዋና ሙከራ ነው። በአንደኛው መደብ 60 ጓል እንደ ጎመን ችግኝ በእኩል ርቀት ተበታትኖ። በሁለተኛው መደብ ያው 60 ጓል፣ ግን አሥር አሥሩን አጠጋግቼ ስድስት ቦታ። ለረጅም ጊዜ የባሕር ዳርቻ ሰዎችም አራርቀው ነበር የሚተክሉት፣ እንዳይሻሙ ብለው፣ ልክ እኛ ጎመን እንደምንለው። ከዛ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ሙከራ ፍሎሪዳና ኔዘርላንድ ረግረግ ላይ ተሠርቶ ያንኑ ብዛት ተክል ዝም ብሎ አጠጋግቶ መትከል ውጤቱን በእጥፍ ገደማ አሳደገው። ጎርፍና ማዕበል ባለበት ቦታ ተክል ከጎረቤቱ ጋር ከመሻማቱ ይልቅ ይደጋገፋል፣ ሥራቸው ተያይዞ አፈሩን ይይዛል። ትርፍ ወጪ የለውም፣ ያው ተክል ያው ጉልበት፣ አቀማመጡ ብቻ ነው የተቀየረው፣ በጣም የወደድኩት ሐሳብ ይሄ ነው።

ሦስተኛ ነገር ጆንያ። ዌልስ ውስጥ ዴል የሚባል ቦታ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የባሕር ሣር ዘር ከአሸዋ ጋር በትናንሽ የቃጫ ከረጢት ከትተው በገመድ ላይ አስረው ባሕሩ ወለል ላይ አስተኝተውታል። ከረጢቱ ዘሩን ከማዕበልም ከሸርጣንም ይጠብቀዋል፣ ሣሩ በከረጢቱ ቀዳዳ ይወጣል፣ ከረጢቱ ራሱ በጊዜው ይበሰብሳል። እኔ ከእህል ነጋዴ 20 አሮጌ የቃጫ ጆንያ በ50 በ50 ብር ገዛሁ። የፕላስቲኩ ከረጢት ርካሽ ነበር፣ አልፈለግኩትም፣ እሱ አይበሰብስም። ጆንያውን አፈርና ፍግ ሞልተን፣ የቄጠማና የሰርዶ ሥር ከትተን፣ ቦረቦሩ ወለል ላይ አግድም አስተኝተን በባሕር ዛፉ ችካል ቸከልነው።

ኖርዌይ ደግሞ የጠፋውን ኬልፕ (ትልቅ የባሕር አልጌ) ለመመለስ ጠጠር ላይ ኬልፑን በቤተ ሙከራ አብቅለው ጠጠሩን ከጀልባ ላይ እንዲሁ መወርወር ሞክረዋል። አረንጓዴ ጠጠር ይሉታል። ሁሉም ጋ ሐሳቡ አንድ ነው፣ ውድ የሆነውን የሰው ሰዓት መቀነስ።

ሐምሌ 16

ትናንት ሌሊት መጣ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አካባቢ የቦረቦሩ ድምፅ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር፣ እማዬ ቁጭ ብላ “በስመ አብ” ትላለች፣ እኔ ባትሪ ይዤ ልወጣ ስል ከለከለችኝ። ጠዋት ወረድኩ። ሁለተኛው ክትር ተደርምሷል፣ የግራ ክንዱን በደንብ አልቀበርነውም ነበር፣ እዛ ጋ ቋጥኝ አግኝተን ሰንፈን ትተነው ነበር፣ ውሃው ያችኑ አገኛት። ከስር ያለው ሦስተኛው ግን ያዘው፣ ከጀርባው ከጉልበቴ በታች ጭቃ ተኝቷል። ያ ጭቃ በረሳ አልገባም።

ቆጠርኩ። ተበታትኖ የተተከለው፣ ከ60 የቀረው 9። ሥራቸው ተንጠልጥሎ የቀሩም አሉ፣ አልቆጠርኳቸውም። ተጠጋግቶ የተተከለው፣ ከ60 የቀረው 41። ሁለቴ ቆጠርኩ፣ ከዛ ተማሪዎቼን አስቆጠርኩ፣ ያው ነው። አንደኛውን ስብስብ በእጄ ልነቅለው ሞከርኩ፣ የውጪዎቹ ተላጭተዋል፣ የመሃሎቹ አልነቃነቅ አሉ፣ በመካከላቸው ቅጠልና ጭራሮና ደለል ተይዞ ትንሽ ጉብታ ሆኗል፣ ጉብታው ውስጥ ነጭ አዲስ ሥር አየሁ። ጭቃው ላይ ተንበርክኬ ለአክስቴ ልጅ ቪዲዮ ላክሁላት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ እያለቀሰች ደወለች።

ጆንያው 17ቱ ቦታቸው ላይ ናቸው። ሦስቱን ወሰዳቸው።

ነሐሴ 2

ሁለተኛውን ክትር መልሰን ሠራን፣ ቋጥኙን በዲጂኖ ሰብረን ክንዱን አስገባን፣ 700 ብር። ከተበታተነው መደብ የቀሩትን 9 ጓሎች ነቅዬ አንድ ላይ አደረግኳቸው።

ከብት አንድ ቀን ገባ፣ የአባባ ጥጃ። ራሳቸው መጥተው 200 ብሩን ለዕድሩ ከፈሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። ከዛ ቀን በኋላ ማንም አላስገባም።

ጳጉሜ 5

ነገ እንቁጣጣሽ ነው፣ እና ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። ጠዋት የሰፈር ሴቶች ልጆች ለአደይ አበባና ለቄጠማ ወረዱ፣ ቤት የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ማለት ነው፣ ድሮም ከዚሁ ጨፌ ነበር የሚመጣው፣ ብዙ ዓመት ጠፍቶ ከከተማ ይገዛ ነበር። ደርሼ ሳይ ሁለቱ ከተከልኩት ላይ እየነቀሉ ነው። ልጮህ ነበር። እትዬ (የጋሼ ባለቤት) ቀድመውኝ ደረሱ፣ ማጭድ ከልጅቷ እጅ ተቀብለው ጎንበስ ብለው አሳዩአት፣ “ቄጠማ ሲታጨድ ነው እሚበዛ፣ ሲነቀል ነው እሚጠፋ፣ ከጉልበትሽ በታች አትንኪ” አሏት። ከላይኛው ጥግ ብቻ እንዲያጭዱ ተስማማን። ማታ የስምንቱም ቤት ወለል ላይ የራሳችን ጨፌ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ የእማዬ ቤት ሽታው እስከ ደጅ ይወጣል። አጥር ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ፣ ልጆቹ ናቸው ከእንግዲህ የሚጠብቁት።

ጥቅምት 14

ውርጩ ጀምሯል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ነው። ከስብስቦቹ ስድስቱም አሉ፣ አራቱ ጎን ለጎን እየሰፉ ሄደው ሁለት ሁለት ሆነው ተገናኝተዋል። አኻያው ከ40 ዱላ 26ቱ ይዟል። ከክትሮቹ ጀርባ ያለው ደለል ላይ እኔ ያልተከልኩት ሣር በራሱ በቅሏል።

እስካሁን የወጣው፦ ባሕር ዛፍ 7,500፣ ክትር ከነ ጥገናው 4,900፣ ጆንያ 1,000፣ ቬቲቨር 900፣ ቡናና ዳቦ 640፣ ገመድና ችካል ማስጠረቢያ 380። ድምሩ 15,320። ከዚህ ውስጥ ለተክል ተብሎ የወጣው ብር 1,900 ብቻ ነው፣ ከሱም 900ው ባክኗል። የቀረው ሁሉ ያጠፋውን ነገር ለማቆም የወጣ ነው። ባሕሩ ላይም ብሩ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ፍሳሹ ላይና ደለሉ ላይ ነው፣ ስዊድኖቹ አንድ ቦታ ላይ ሣሩን ከመትከላቸው በፊት ጭቃው እንዳይነሳ ወለሉን በአሸዋ እስከማልበስ ደርሰዋል።

እማዬ ዛሬ ጀሪካኗን በ6 ደቂቃ ሞላች። ይሄን እንደ ውጤት አልጽፈውም፣ ክረምት ገና መውጣቱ ነው፣ አምናም በጥቅምት ስንት እንደነበር አልያዝኩም። የሚታየው የካቲት ላይ ነው፣ በ23 ያንኑ ጀሪካን ይዤ እዛው ቦታ እቆማለሁ። እስከዛ የቀረኝ 2,680 ብር ለስድስተኛ ክትር ነው፣ ከጋሼ መሬት በላይ ቦረቦሩ አዲስ ጣት እየዘረጋ ያለበት ቦታ ላይ። ድንጋዩን ቅዳሜ ማጓጓዝ እንጀምራለን፣ አባባ አህዮቻቸውን ሰጥተውኛል።